በፀሐይ የሚሰጥ ፈቃድና በጨረቃ የሚሠራ ቤት

ለሰው ልጅ ኑሮ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ምግብና ልብስ ከተገኙ በኋላ ወዲያው የሚታሰበው ቤት ነው። ምግብ የዕለት፣ ልብስም የዓመት ሲሆን ቤት ግን የዕድሜ ነው፤ ከዕድሜም አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ይሁን እንጂ በከተማ ቤት የሚሠራ ሰው የሚሠራው ለራሱ ብቻ አይደለም። ከጣራው የሚወርደው ውኃ በጎረቤቱ ደጅ ያልፋል፤ መሠረቱን ሲቆፍር የጎረቤቱን ግድግዳ ሊያናጋ ይችላል፤ አጥሩንም አንድ ክንድ ወደ ፊት ቢገፋ የሰፈሩ መንገድ በአንድ ክንድ ይጠባል። ቤት ከመሥራት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሹም በሰው ንብረት ላይ ጌታ እንዲሆን አይደለም።

ይህ አሳብ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር መጻሕፍትን ይመልከት። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከዚያ ወድቆ እንዳይሞትና የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ይህን ትእዛዝ የሕንፃ ሕግ ነው ብንለው አልተሳሳትንም፤ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ላይ ለሌላ ሰው ነፍስ ኃላፊ መሆኑን ያስታውቃልና። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ አንድ ቤት በሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል እንኳ ቢሆን ባለቤቱን ተጠያቂ አደረገው። የሠራውም ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ያህል ስለ ሕንፃው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ ፈቃድ ማለት ይህ ኃላፊነት ጉዳት ከደረሰ በኋላ በፍርድ ቤት ከመታየቱ በፊት፣ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የሚታይበት ሥርዓት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የአዲስ አበባን ከተማ አመሠራረት ያስተዋለ ሰው ሥርዓቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይረዳል። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አስቀድሞ ንድፍ ወጥቶላት አልነበረም። እያንዳንዱ መኳንንት ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በተሰጠው ጉብታ ላይ ድንኳኑን ተክሎ ጭፍራውን በዙሪያው አሰፈረ፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ ዘመን መታሰቢያዎች ናቸው። በየሰፈሩ መካከል ያለውም ባዶ ቦታ ቀስ በቀስ በጎጆና በቆርቆሮ ቤት ተሞላ። ለሰው እግርና ለበቅሎ የበቃው መተላለፊያ ለሠረገላና ለመኪና አልበቃም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ በሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የእሳት አደጋ መከላከያ መኪኖች በመንገዱ ጥበት ምክንያት እንደ ልብ ለመግባት መቸገራቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ወደ መንገድ የገፋው ግድግዳ ከብዙ ዓመት በኋላ የሌላውን ሰው ሀብት በእሳት ያስበላል።

ጉዳቱም በሀብት ብቻ የሚቆም አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሞቱት ብዙዎቹ ቤታቸው ከወንዙ ዳር የነበረ ሰዎች ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ነፍስ የጠፋው፣ ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው ይኖሩ በነበሩ ድኾች ላይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ በ2017 ዓ.ም.ም በአፋር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው በአዲስ አበባ ፎቅ ቤቶች ውስጥ የተኛውን ሰው ከአልጋው አስነሥቶታል። ስለዚህ ቤት የት ይሠራ፣ በምን ይሠራ፣ ስንትስ ይሸከም ብሎ መጠየቅ የጽሕፈት ቤት ወግ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ሕግ አውጪውም ይህን አስቦ በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ን ባወጣ ጊዜ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ባለ አንድ ፎቅ የሆነና በሁለት ተሸካሚ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ቤት በ«ሀ» ምድብ ተመደበ። ርቀቱ ከዚህ የበለጠ ወይም ሁለትና ከሁለት በላይ ፎቅ ያለው ቤት በ«ለ» ምድብ ገባ። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ፣ ፋብሪካ፣ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለውም ሁሉ በ«ሐ» ምድብ ሆነ። ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም እንዲኖር፣ በሹሙ ውሳኔ ያልተስማማም ሰው ይግባኝ የሚልበት ቦርድ እንዲቋቋም አዘዘ። የሕጉ ዝርዝር እንደ ጊዜው ሊሻሻል ይችላል፤ መሠረታዊ አሳቡ ግን ማለፊያ ነው። ይኸውም ለትንሹ ቤት የሚደረገው ምርመራ ለትልቁ ፎቅ እንደሚደረገው የከበደ እንዳይሆን፣ ሹሙም የመጨረሻ ዳኛ እንዳይሆን ነው።

ነገር ግን በሕጉ አሳብና በጽሕፈት ቤቱ በር መካከል ረዥም መንገድ አለ። አንድ መምህር ወይም አንድ የመንግሥት ጸሓፊ ለብዙ ዓመት ከደመወዙ ቆጥቦ በስሙ ካርታ ባለው ቦታ ላይ ሦስት ክፍል ቤት ለመሥራት አሰበ እንበል። አስቀድሞ ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ መሆኑን ለማረጋገጥ የፕላን ስምምነት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ የቤቱን ንድፍ፣ የምሰሶውንና የብረቱን ስሌት፣ የመብራቱንና የውኃውን መሥመር በባለ ሙያ አሠርቶ ያቀርባል፤ ንድፉ ተመርምሮ ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ፈቃዱ ይሰጠዋል፤ ሥራውም በየደረጃው እየታየ በመጨረሻ የመጠቀሚያ ፈቃድ ያገኛል። በዚህ ሁሉ የሚነቀፍ ነገር የለም። የሚነቀፈው የአፈጻጸሙ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካርታህ ቅጂ አልተያያዘበትም ተብሎ ይመለሳል። ቅጂውን አያይዞ ሲመጣ ከአጥርህ የተተወው ርቀት አንሷል ይባላል። ያን አስተካክሎ ሲመጣ ደግሞ የመጸዳጃው ጉድጓድ ቦታው አልተመለከተም ይባላል። ሦስቱም ጉድለቶች እውነተኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሦስቱም በመጀመሪያው ቀን በወረቀቱ ላይ ይታዩ ነበር። በአንድ ቀን ሊነገር የሚችለውን በሦስት ወር መናገር ጥንቃቄ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

የመመላለሱም ዋጋ በጫማ ማለቅ ብቻ የሚቆጠር አይደለም። መሠረት የሚቆፈርበት ጊዜ በጋ መሆኑን ግንበኛ ሁሉ ያውቃል። በየካቲት ፈቃድ የጠየቀ ሰው በሰኔ ቢፈቀድለት የቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ይሞላበታል፤ እስከ መስከረም ልጠብቅ ቢል ደግሞ የገዛው ሲሚንቶ በእርጥበት ይደርቅበታል፤ ያልገዛው ብረትም ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል። እስከዚያው ድረስ በኪራይ ቤት የሚከፍለው ገንዘብ ለራሱ ቤት ካስቀመጠው ላይ የሚቀነስ ነው። ሹሙ አንድ መዝገብ በጠረጴዛው ላይ አንድ ወር ቢያሳድር ከሹሙ ደመወዝ አንዲት ሳንቲም አትጎድልም፤ ከባለ ጉዳዩ ቤት ላይ ግን አንድ ክፍል ሊጎድል ይችላል። ይህን ልዩነት በየቀኑ የሚያስብ ሹም በእውነት ሕዝብን ያገለግላል።

የጨረቃ ቤት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ላይ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ባለቤቱ እንጨቱንና ቆርቆሮውን ቀን አዘጋጅቶ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ያቆመዋል፤ ሲነጋ ቤቱ ቆሞ፣ ልጆቹም ገብተውበት ይገኛሉ። እርግጥ ነው፤ የጨረቃ ቤት ሁሉ ምክንያቱ የፈቃድ መዘግየት ብቻ አይደለም። የሰው ቦታ ወይም የመንግሥት ቦታ በድፍረት የሚይዝ ስግብግብ አለ፤ የሌለውን መብት የሚሸጥ ደላላ አለ፤ በከተማ ቦታ የሚያገኝበት መንገድ የጠፋበት ችግረኛም አለ። ነገር ግን ከእነዚህ ሌላ በስሙ ካርታ ያለው፣ ሕግ አክባሪ ሆኖ የኖረ፣ በመመላለስ የታከተው ሰውም አለ። ስግብግቡን በሕግ መቅጣት ተገቢ ነው፤ ሕግ አክባሪውን ግን ወደ ሌሊቱ የሚገፋው የቀኑ በር መዘጋት ነው። በፀሐይ የሚሰጠው ፈቃድ በዘገየ መጠን በጨረቃ የሚሠራው ቤት ይበዛል።

ከዚያም በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። በሌሊት የቆመው ቤት ምሰሶው ስንት እንደሚሸከም የመረመረ የለም፤ የጎርፍ መውረጃ ላይ መቆሙን ያስተዋለ የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንገድ ሊወጣ ሲል ቤቱ ይፈርሳል። ባለቤቱ የዕድሜውን ጥሪት ያጣል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ፤ መንግሥትም ለማፍረስ ገንዘብና ጊዜ ያወጣል፤ በሕዝብና በሹም መካከል ቂም ይተርፋል። አንድ መዝገብ በወቅቱ ባለመታየቱ የመጣውን ይህን ሁሉ ጉዳት የሚቆጥር የሒሳብ መዝገብ ግን የለንም።

መዘግየት ሌላም ልጅ አለው፤ እርሱም መማለጃ ነው። መንገዱ አጭርና ግልጽ ቢሆን የሚያሳጥርልኝ ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ባልተገኘም ነበር። መንገዱ ሲረዝምና ሲጨልም ግን በበሩ ዙሪያ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ይበዛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የቀድሞ ተረት በሕንፃ ጉዳይ ላይ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው። በሌላ ጉዳይ የተበላ መማለጃ የሰውን ገንዘብ ይበላል፤ በሕንፃ ጉዳይ የተበላ መማለጃ ግን የማይሸከመውን ምሰሶ ይሸከማል አሰኝቶ የሰውን ነፍስ ሊበላ ይችላል። ደግሞም ገንዘብ የከፈለው ሰው ጉድለቱ ሳይታረም ስለሚያልፍ፣ ያልከፈለውም ጉድለት ሳይኖርበት ስለሚቆይ ፈቃድ የተባለው ነገር ትርጉሙን በሁለት ወገን ያጣል።

ሹማምንቱም የሚሉት አላቸው፤ ሊሰማም ይገባል። ባለ ጉዳዩ ብዙ፣ መርማሪው ጥቂት ነው ይላሉ። የተጭበረበረ ካርታ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ፈርሜ ከሰጠሁ በኋላ ቤቱ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መዘግየት ይሻለኛል የሚልም አለ። እውነት አላቸው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና በሕንፃ ላይ መቸኮል አይገባም። ነገር ግን አለመቸኮልና አለመወሰን የተለያዩ ናቸው። ሐኪም በሽተኛውን መርምሮ ይህ መድኃኒት አይስማማህም ቢለው ሥራውን ሠራ፤ ሳይመረምረው በደጁ ቢያስቀምጠው ግን አልተጠነቀቀለትም። ሹምም እንዲሁ ነው። አይፈቀድም ማለት ውሳኔ ነው፤ ባለ ጉዳዩ ወይ ያስተካክላል ወይ ይግባኝ ይላል። ነገ ተመለስ ማለት ግን ውሳኔ ስላልሆነ ይግባኝ የሚባልበት የለውም፤ ስለዚህ ከእምቢታ ይልቅ ይከፋል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለንም። አንደኛ፤ ለእያንዳንዱ የሕንፃ ምድብ የሚያስፈልገው ማስረጃ ሁሉ በቀላል አማርኛ ተጽፎ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ከተለጠፈውም ሌላ ማንም አይጠየቅ። ሁለተኛ፤ ማመልከቻ የተቀበለ ጸሓፊ ቀኑን ጽፎ ደረሰኝ ይስጥ፤ ውሳኔ የሚሰጥበትም ቀን በዚያው ላይ ይመልከት። ሦስተኛ፤ ጉድለት ቢገኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ይነገር፤ በመጀመሪያው ምርመራ ያልተነገረ ጉድለት ንድፉ ካልተለወጠ ወይም ለነፍስ የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር በኋላ አይነሣ። አራተኛ፤ የተከለከለ ሰው ምክንያቱንና ይግባኝ የሚልበትን ስፍራ የያዘ ደብዳቤ ይሰጠው። አምስተኛ፤ ለትናንሽ መኖሪያ ቤቶች መሐንዲሶች አስቀድመው የመረመሯቸው ጥቂት ዓይነት ንድፎች በየጽሕፈት ቤቱ ይቀመጡ፤ ችግረኛው ከእነዚያ አንዱን መርጦ ቢሠራ ለንድፍ የሚያወጣው ገንዘብ ለግድግዳው ይተርፈዋል፤ መርማሪውም የሚያውቀውን ንድፍ ለመመርመር ብዙ ቀን አያስፈልገውም። በዚህ የተረፈው ጊዜ ከፍ ላሉትና ለሚያሰጉት ሕንፃዎች፣ ይልቁንም ሥራው ወዳለበት ሄዶ በዓይን ለማየት ይውላል። ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ብረቱ ቢጎድል ፈቃዱ ቤቱን አያቆመውምና።

ይህን ስንል ኃላፊነቱ በሹማምንት ላይ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ሁለት ፎቅ አስፈቅዶ ሦስተኛውን የሚጨምር ባለቤት፣ ከመሠረቱ ላይ ሳይጠየቅ ጭነት የጨመረ መሆኑን ይወቅ። ያልሠራውን ንድፍ ፈርሞ ማኅተሙን የሚያከራይ መሐንዲስም ያከራየው ማኅተሙን ሳይሆን ስሙንና ሕሊናውን ነው። ከሲሚንቶው ቀንሶ አሸዋ የሚጨምር ግንበኛ የሰረቀው ከባለቤቱ ብቻ ይመስለዋል፤ የሰረቀው ግን ገና ያልተወለደውን በዚያ ቤት የሚያድገውን ሕፃን ነው። እነዚህ ሰዎች ሹም ዘገየ ብለው ሊያመካኙ አይችሉም። ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲያሰላ በወንጌል የተመከረው ምክር የፈቃዱን ጊዜና የጥንካሬውን ዋጋ ጭምር የሚመለከት ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በአገራችን ልማድ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ሲጥልም ሆነ ሲመረቅ የነፍስ አባቱን ይጠራል፤ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ድንበር ሲጣላም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሹም ሳይሆን ወደ ካህንና ወደ ሽማግሌ ነው። እንግዲህ ጸበል ለመርጨት የተጠራ የነፍስ አባት፣ ልጄ ሆይ፣ ቦታው የውኃ መውረጃ አይደለምን? ጎረቤትህስ ያውቃልን? ፈቃድስ ይዘሃልን? ብሎ ቢጠይቅ ይህ ቃል ከብዙ ተቆጣጣሪ ይልቅ ይሰማል። በራሳቸው በአብያተ ክርስቲያናት ሥራ ላይም ይኸው ጥንቃቄ እንዲጠበቅ ማድረግ ይገባል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በመሠራት ላይ ባለው ሕንፃ ውስጥ የቆመው የእንጨት ርብራብ በበዓል ቀን ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን ማለቃቸው ልባችንን ገና አልለቀቀውም። ሐዘኑ ለማንም ወቀሳ አይሁን፤ ለሁላችን ግን ማስጠንቀቂያ ይሁን። የቅድስና ስፍራ ቢሆንም እንጨት የሚሸከመው በልኩ ነው፤ ልኩንም የሚያውቅ ባለ ሙያ አስቀድሞ መጠየቅ እምነትን አያጎድልም።

እንግዲህ የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። ፈቃድ በሁለት ወገን የሚፈጸም ቃል ኪዳን ነው። ባለቤቱ፣ በጎረቤቴ፣ በመንገዱና በሚገባበት ሰው ሁሉ ላይ ጉዳት በማያደርስ አኳኋን እሠራለሁ ብሎ ቃል ይገባል። መንግሥትም በሹሙ አፍ፣ ጥያቄህን በወቅቱ እመረምራለሁ፣ እውነተኛውን እነግርሃለሁ፣ የፈቀድሁልህንም አላፈርስብህም ብሎ ቃል ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ቃሉን ቢያጥፍ ሌላውን ብቻ ጠብቅ ማለት አይቻልም። የጨረቃ ቤትን ለማስቀረት ሌሊት ዘበኛ ማቆም ያስፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዘበኛው የሚበልጠው ቀን በጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ የሚያነሣ፣ የሚመረምርና የሚወስን ሹም ነው። የዛሬ ቀን መዝገብ በደጁ የሚጠብቅበት ሹም ሁሉ ከፊርማው ሥር አንድ ቤተ ሰብ ጣራ እንደሚጠባበቅ አስቦ፣ የሚፈቀደውን ፈቅዶ፣ የማይፈቀደውንም በምክንያት ከልክሎ ዛሬውኑ ይወስን።